ኮርስ ድሮፕ ከማድረጋችሁ በፊት ይቺን አስሏት

አዲስ ካምፓስ የገባችሁ ይቺን ያዙልኝ። ጂፒኤ (የውጤታችሁ አማካይ) ላይ ሁሉም ኮርስ እኩል አይመዝንም፣ ወሳኙ ክሬዲት አወሩ (የኮርሱ ክብደት) ነው። ባለ 4 ክሬዲት ኮርስ ላይ ሲ (2 ነጥብ)፣ ባለ 1 ክሬዲት ላብ ላይ ኤ (4 ነጥብ) አመጣችሁ እንበል፣ ብዙ ሰው መሀሉን ወስዶ 3 ነጥብ ነው ይላል፣ ግን 4 በ2 ሲባዛ 8፣ 1 በ4 ሲባዛ 4፣ ድምሩ 12 ለ5 ሲካፈል 2.4 ነው የሚመጣው። ስለዚህ ጥናታችሁን ክሬዲቱ ከባድ የሆነው ላይ አድርጉት።

ደግሞ ድሮፕና ዊዝድሮው አንድ አይደሉም። በአድ ድሮፕ ጊዜ (ኮርስ መጨመርና መቀነስ በሚፈቀድበት) የተዋችሁት ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ ትራንስክሪፕት (የውጤት ማስረጃ) ላይ አይታይም፣ ቀኑ ካለፈ በኋላ ከተዋችሁት ግን ዊዝድሮው ነው፣ ደብልዩ (W) ሆኖ ይቀመጣል (ብዙ ቦታ ጂፒኤ ባይነካም)። ዝም ብሎ ከክላስ መጥፋት ደግሞ ድሮፕ ማድረግ አይደለም፣ መጨረሻው ብዙ ጊዜ ኤፍ ነው፣ እዚህ ላይ የሚሸወደው ሰው ብዛት ይገርማል። እና ኮርሱ ለሌላ ኮርስ ፕሪሪኩዚት (ቀድሞ መወሰድ ያለበት) ሆኖ በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ዓመት ሙሉ ቁጭ ብላችሁ ልትጠብቁት ነው፣ ፎርሙን ከመፈረማችሁ በፊት አድቫይዘራችሁን ጠይቁ፣ ካሪኩለሙንም ራሳችሁ እዩት።