የሁለት አገር ኑሮ ሲነጻጸር የማይጠፉ ስህተቶች

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚገኝ ኮሌጅ ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ሲደርስ «የኢትዮጵያና የእንትን አገር የኑሮ ደረጃ ንጽጽር» የሚል ርዕስ ሳይቀርብልኝ አይቀርም። አብዛኛው ተማሪ ኬንያን ይመርጣል፤ ዘመድ ያለው ደግሞ አሜሪካን። ርዕሱን እወደዋለሁ። ሰው መሄድና መቅረቱን፣ ልጁን የት እንደሚያሳድግ የሚወስነው በዚሁ ንጽጽር ነውና ስህተቱ ያንገበግበኛል።

ከሁሉ የከፋው በባንክ ምንዛሬ ማባዛት ነው። «አጎቴ ሚኒሶታ በወር 4,000 ዶላር ያገኛል፤ በዛሬው ምንዛሬ ሲባዛ…» ይባልና ቁጥሩ ሲወጣ ክፍሉ በሙሉ ይንጫጫል። አጎት ግን ኪራይ የሚከፍለው በሚኒሶታ ዋጋ ነው። ፀጉሩን የሚቆረጠው፣ ልጁን ሕፃናት ማቆያ የሚያስገባው፣ ሲታመም የሚታከመው እዚያው ነው። ከደመወዙ ውስጥ በብር ሊባዛ የሚገባው ለእናቱ የላከው ብቻ ነው።

ምንዛሬ ኑሮን እንደማይለካ ለማየት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.ን ማስታወስ ይበቃል። ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ሲለቀው፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በኋላ አንድ ተማሪ የነፍስ ወከፍ ገቢን በዶላር የሚያሳይ ሥዕል ሠርቶ መጣ፤ መስመሩ እንደ ገደል ቁልቁል ወርዷል። ከሥሩ «የኢትዮጵያውያን ኑሮ በግማሽ ቀነሰ» ብሎ ጽፏል።

«በር ላይ ካለው ምግብ ቤት የምትበላው ሽሮ በዚያ ሐምሌ በግማሽ ቀነሰብህ?» አልኩት።

«ኧረ የለም ቲቸር፣ ዋጋው ነው የጨመረው።»

«ታዲያ የጻፍከው ምንድን ነው?»

የዋጋ ንረት ከባድ ጉዳት ነው፤ ማንም አይክደውም። ግን የራሱ መለኪያ ስላለው በራሱ መለኪያ ይለካ። ለንጽጽር የሚሆነው በመግዛት አቅም የተስተካከለ ዶላር ነው፤ ማለትም በየአገሩ ባለው ዋጋ ተመሳሳይ ዕቃ እንዲገዛ ተደርጎ የተሰላ። የዓለም ባንክ በሚያስተባብረው መርሐ ግብር ተመሳሳይ ዕቃና አገልግሎት በየአገሩ ስንት እንደሚሸጥ ይጠናል፤ የ2021 (እ.ኤ.አ.) ዋጋን መሠረት ያደረገው ዙር በ2024 ወጥቷል። እሱንም ቢሆን በጭፍን አትውሰዱት። ፀጉር መቆረጥና የሰው ጉልበት እዚህ ርካሽ ስለሆኑ የእኛን ገቢ ከፍ አድርገው ያሳያሉ፤ ስልኩና ከውጭ የሚገባው መድኃኒት ግን በዓለም ዋጋ ነው የሚመጣው። የስኳር ሕመምተኛ ያለበትን ቤትና የሌለበትን ቤት ይህ ዶላር እኩል አይገልጻቸውም።

ዓ.ም.ንና እ.ኤ.አ.ን መቀላቀል። የኬንያን 2016 ከእኛ 2016 ጎን ማስቀመጥ ይቅር የማይባል ነው፤ ሰባትና ስምንት ዓመት ያህል ትሳሳታላችሁ። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 እንደሚጀምርም አትርሱ፦ ያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የሚቆጠረው በ2017 በጀት ዓመት ውስጥ ነው። ኬንያ ጠቅላላ ምርቷን የምትዘግበው በፈረንጆቹ ዓመት ነው።

አሁን ደግሞ «አለ» የሚለውን «ይሠራል» ብሎ ስለመውሰድ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ግቡ። መጠይቁ «ቤት ውስጥ የቧንቧ ውሃ አለ?» ይላል፤ «አለ» ይባላል፤ ምልክት ይደረጋል። ከመታጠቢያ ቤቱ በር ኋላ ግን ቢጫ ጄሪካኖች ተደርድረዋል። አራተኛ ፎቅ ያለችው እናት ፈረቃዋ በደረሰ ሌሊት ነቅታ ትጠብቃለች፤ ግፊቱ እሷ ጋ የሚደርሰው ታች ያሉት ቀድተው ሲጨርሱ ነው። ተማሪዎቼን መረጃ ለመሰብሰብ ሳሰማራ «ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን መጣ? በስንት ሰዓት?» ብለው እንዲጠይቁ አስገድዳቸዋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ የሚጠቀሙበት መለኪያም ይህን ይለያል። በከፍተኛው ደረጃ ለመመደብ ውሃው ግቢ ውስጥ መገኘት፣ በተፈለገ ጊዜ መኖርና ከብክለት ነጻ መሆን አለበት። «መሠረታዊ» ለመባል ግን ከተጠበቀ ምንጭ እስከተቀዳ ድረስ፣ ወረፋን ጨምሮ ደርሶ መልሱ ከ30 ደቂቃ አለመብለጡ ይበቃል። የአንዱን አገር ከፍተኛ ደረጃ ከሌላው «መሠረታዊ» ጋር ያስተያየ ጽሑፍ ስንቴ መለስኩ! መብራትም፣ ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው፤ መመዝገብ ሌላ፣ መማር ሌላ።

አዲስ አበባን ከመላው ኬንያ ጋር አታነጻጽሩ። ከተማን ከከተማ፣ ገጠርን ከገጠር።

አካፋዩን መርሳት። ነፍስ ወከፍ የተባለ ቁጥር ሁሉ ለሕዝብ ብዛት ይካፈላል። የእኛ የመጨረሻ ቆጠራ የ1999 ዓ.ም.ሙ ነው፤ ኬንያ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ቆጥራለች። ትንበያ ላይ በቆመ ቁጥር የአስርዮሽ ልዩነት ይዛችሁ «በልጠናል» ወይም «ተበልጠናል» አትበሉ።

የሰብአዊ ልማት መለኪያን ደረጃ ብቻ መጥቀስ። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ከ1990 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚያወጣው ይህ መለኪያ ዕድሜን፣ ትምህርትንና ገቢን ያጣምራል። ነጥባችን ከፍ ብሎ ሌሎች ከእኛ ፈጥነው ከሄዱ ደረጃችን ሊወርድ ይችላል። ሦስቱን ለየብቻ አስቀምጡ።

የመጨረሻው፣ ጊዜንና ሕግን ከንጽጽሩ ማውጣት ነው። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሴት ሠራተኛ ከወሊድ በፊትና በኋላ በድምሩ 120 ቀን ዕረፍት ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። በአሜሪካ መስፈርቱን ለሚያሟላ የግል ድርጅት ሠራተኛ የፌዴራሉ ሕግ የሚያስገድደው 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚሰጠው እንደ ግዛቱና እንደ አሠሪው ነው። ይህን ስነግራቸው ተማሪዎቼ ይገረማሉ። ቀጥሎ የጉሊት ሻጯን እንዲያስቡ እጠይቃለሁ፤ ቀጣሪ የላትምና አዋጁ አይደርስላትም። ሁለቱም ጽሑፉ ውስጥ ይግቡ። ከዳር ሰፈር እስከ መሐል ከተማ በትራንስፖርት የሚያልቀው ሰዓትም ይግባ፤ የነፍስ ወከፍ ገቢ አይነካውም፣ የሰው ቀን ግን ያለቀው እዚያ ነው። መረጃ ካጣችሁ ራሳችሁ ሰብስቡ፤ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቱሉ ዲምቱ ሰልፍ የያዘ ሰው ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደቆመ ለመንገር አይሰስትም።