የምራቅን ኢንዛይም በቡና ስኒ እንዴት ማየት ይቻላል?

ጥቂት የገብስ ቆሎ አፋችሁ ውስጥ ጨምሩና ሳትውጡ አላምጡት። መጀመሪያ ቆሎ ቆሎ ይላል። አንድ ሁለት ደቂቃ ሲቆይ ግን ጣፈጥ ይላል። ስኳር የጨመረበት የለም። ምራቅ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም (ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) የገብሱን ስታርች፣ ማለትም ረጅም የስኳር ሰንሰለት፣ እየቆራረጠ ማልቶስ ወደሚባል ስኳር እየለወጠው ነው።

ምላስ ያወቀውን ነገር በዓይን ለማየት ላብራቶሪ አያስፈልግም። እኔ የሞከርኩት ደብረ ብርሃን፣ አክስቴ ጓዳ ውስጥ ነው። ስኒዎቹን ደርድሬ ስታየኝ «ምነው ልጄ፣ በቡና ስኒዬ ምራቅ ትጠምቃለህ እንዴ?» አለችኝ። እናንተ ስኒውን አስፈቅዳችሁ ጀምሩ።

የሚያስፈልገው አንድ ድንች፣ አራት ስኒ፣ አራት ማንኪያ፣ ነጭ ሳህን፣ አቼቶና ከፋርማሲ የሚገዛ የቁስል አዮዲን ነው፤ አዮዲን ስታርች ሲያገኝ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። አዮዲኑን ቀጭን ሻይ እስኪመስል በውሃ አቅጥኑት። አይጠጣም፤ ልጆች ካሉ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ።

ድንቹን ከትፋችሁ በሁለት ብርጭቆ ውሃ ቀቅሉና ውሃውን አጥልሉት። ስታርቹ ያለው እዚያ ውሃ ውስጥ ነው። ደብረ ብርሃን ከፍታዋ 2,800 ሜትር ስለሚያልፍ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጋችሁ አፍሉት። ከዚያ ለብ እስኪል ይቀዝቅዝ።

ምራቁን ከመሰብሰባችሁ በፊት አፋችሁን ተጉመጥመጡ። ሎሚ ማሰብ ይበቃል፣ ምራቅ ይመጣል። ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል ሲሞላ በዚያው ልክ ውሃ ጨምሩበት። ከዚህ ላይ አንድ ማንኪያ ለብቻው ቀንሳችሁ፣ ዕቃውን እሳት ላይ በሚፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጡና 10 ደቂቃ አቆዩት።

አሁን በእያንዳንዱ ስኒ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የድንች ውሃ አድርጉ። አንደኛው ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹህ ውሃ፣ ሁለተኛው ላይ ምራቅ፣ ሦስተኛው ላይ የፈላውን ምራቅ፣ አራተኛው ላይ ምራቅና ትንሽ አቼቶ ጨምሩ። ለየስኒው የየራሱ ማንኪያ ይኑረው። አንዱን ማንኪያ ለሁሉም ካዞራችሁት ኢንዛይሙም አብሮ ይዞራል።

ስኒዎቹን ለብ ያለ ውሃ የያዘ ሌላ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አቁሟቸው። ይህን አትዝለሉት። እኔ በኅዳር ብርድ ዘልዬው፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ሰማያዊው ቀለም አልሄድ ሲለኝ «አልሠራም» ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ጠፍቷል። ኢንዛይሙ ብርድ ይዞት ተንቀራፎ ነው እንጂ ሥራውን አልተወም። የሚመቸው 37 ዲግሪ፣ የሰውነታችን ሙቀት ነው።

በየሁለት ደቂቃው ከየስኒው አንድ ጠብታ ነጩ ሳህን ላይ ካለ የአዮዲን ጠብታ ጋር አገናኙ። ስታርች ካለ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። የሁለተኛው ስኒ ጠብታ መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ቀይ ቡናማ፣ በመጨረሻ የአዮዲኑ የራሱ ቢጫ ብቻ ይሆናል። ቀይ ቡናማው በጣም ደስ የሚል ነው፤ ሰንሰለቱ ተቆርጦ ሳያልቅ መሃል መንገድ ላይ ያዛችሁት ማለት ነው። ሌሎቹ ሦስት ሰማያዊ እንደሆኑ ይቆያሉ። ሙቀት ፕሮቲኑን ያፈርሰዋል፣ አሲድ ደግሞ ያስቆመዋል። የዋጥነው ምራቅ ሥራውን የሚያቆመውም በጨጓራ አሲድ ነው።

በአቼቶ ፋንታ ሎሚ እንዳትጠቀሙ። እኔ ተጠቅሜ ቀለሙ ወዲያው ሲጠፋ «አሲድ ይረዳዋል» ብዬ ለሰው አውርቼ ነበር። ምራቅ የሌለበት ስኒ ላይ ብጨምረውም ጠፋ። ለካ የሎሚው ቫይታሚን ሲ አዮዲኑን ራሱን ያነጣዋል።

የአንዱ ሰው ምራቅ ከሌላው ሊፈጥን ይችላል። የምራቁን አሚሌዝ የሚያሠራው ጂን ክሮሞዞም 1 ላይ ነው፤ አንዳንዱ ሰው ሁለት ቅጂ፣ ሌላው ከአሥር በላይ አለው።

አሚሌዝ ግን አንድ መልክ ብቻ የለውም። የምራቁ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው 56 ሺህ ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ገደማ ይመዝናል፣ ሁለተኛው ላዩ ላይ የስኳር ሰንሰለት ስለተለጠፈበት ወደ 62 ሺህ ይደርሳል። ቆሽት ደግሞ የራሱን አሚሌዝ ሠርቶ ወደ ትንሹ አንጀት ይልካል። የቆሽቱና የምራቁ ወንድማማች ናቸው፤ ሁለቱም ካልሲየም ካልያዛቸው አይጸኑም፣ ክሎራይድ ካላገኙ ደግሞ ሥራቸው ይደክማል። የሚመጡት ግን ከተለያየ ጂን ነው። ከስንዴ የሚወጣ አንድ ፕሮቲን የምራቁን አብዝቶ ሲያግድ የቆሽቱን ብዙም አይነካውም፤ ላብራቶሪዎች ሁለቱን ለመለየት ተጠቅመውበታል።

ልዩነቱ ሐኪም ቤትም ይፈለጋል። ጆሮ ደግፍ የያዘው ልጅ ደም ውስጥ የምራቁ አሚሌዝ ከፍ ይላል። ቆሽቱ የተቆጣበት ሰው ላይ ደግሞ የቆሽቱ። አንዳንዴ ሁለቱም ሳይሆን ይቀራል፤ አሚሌዙ ከፀረ እንግዳ አካል ጋር ተጣብቆ ስለሚገዝፍ ኩላሊት ማሳለፍ ያቅተዋል፣ ሰውየው ሳይታመም ቁጥሩ ብቻ ከፍ ይላል። ማክሮአሚሌዝ ይሉታል።

ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ከሆናችሁ አንድ ነገር ጨምሩ። የገብስ ብቅል ዱቄት በለብታ ውሃ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፋችሁ አጥልሉት። እሱም የድንቹን ሰማያዊ ያጠፋል፤ ብቅል አሚሌዝ አለው። እንዲያውም በ1833 ፓያንና ፔርሶ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ኬሚስቶች ኢንዛይም ለመጀመሪያ ጊዜ ለይተው ያወጡት ከብቅል ነው።

የብቅሉን ውሃና ምራቁን በየስኒያቸው ለብቻ ሙቅ ውሃ ውስጥ አቁሙ። ቴርሞሜትር ከሌለ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት እጅ የፈላ ውሃና አንድ እጅ የቧንቧ ውሃ ሲቀላቀል 65 ዲግሪ ገደማ ይሰጣል። ሲበርድ አንዴ ቀይሩት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሁለቱንም አብርዳችሁ በድንች ውሃ ፈትኑ። ምራቁ በጣም ይደክማል፣ ብቅሉ ግን መሥራቱን አይተውም። ስማቸው አሚሌዝ ይባል እንጂ፣ አንዱ የተሠራው ለሰው አፍ ነው፣ ሌላው ለዘር።

ሲያልቅ ስኒዎቹን በሳሙናና በሙቅ ውሃ እጠቡ። አዮዲን የነካው ሳህን አልለቅ ካለ ቅድም የከለከልኳችሁን ሎሚ አምጡና እሹት።