ራስ ደጀንን ለመውጣት፦ ጉልበታችሁን ለመሸሃ አስቀምጡ

ራስ ደጀን መውጣት የፈለገ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ጫፉ ነው። ትንፋሽ ያጥራል ወይ? ያዞራል ወይ? እኔ ግን መጀመሪያ የማነሳው የመሸሃን ወንዝ ነው። እኔን የፈተነኝ እሱ ነውና።

ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም እዚያው ላለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ቢሮ ደባርቅ ነው። ክፍያውም ስካውቱም (አብሯችሁ የሚሄደው የፓርኩ ጠባቂ) እዚያ ያልቃል፤ ያለ ስካውት አይገባም። በቅሎም ተከራዩ። ሸክሙን ራሴ እችለዋለሁ አትበሉ።

ስድስት ቀን ያዙ። እስከ ጨነቅ ካምፕ መኪና ስለሚገባ ብዙ ሰው በዚያ ይታለላል። በመኪና ደርሶ በማግስቱ ወደ ላይ መውጣት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ መጥራት ነው። ሰውነት ከፍታ የሚለምደው ቀስ በቀስ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን አዳር ሳንቃበር፣ ሁለተኛው ግጭ፣ ሦስተኛው በእሜት ጎጎ በኩል ዞሮ ጨነቅ። እሜት ጎጎ 3,926 ሜትር ከፍታ ያለው ጫፍ ነው። እዚያ አትቸኩሉ። ጭላዳዎቹ ሣሩን እየነጩ አጠገባችሁ ያልፋሉ። ጨነቅ ላይ ደግሞ ዋልያ የማየት ዕድል አለ፤ ማለዳ ገደሉ አካባቢ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ።

አሁን ወደ አራተኛው ቀን። ጨነቅ 3,600 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ተነስታችሁ ቧሂት ተራራ ሥር ያለውን 4,200 ሜትር የሚደርስ መሻገሪያ ታልፋላችሁ። ከዚያ ቁልቁለት ነው። መሸሃ 2,800 ገደማ ላይ ነው የሚፈሰው፤ 1,400 ሜትር ትወርዳላችሁ ማለት ነው። ወንዙን ተሻግራችሁ እንደገና ዳገት፣ እስከ አምቢቆ መንደር፤ አዳሩ እዚያ ነው። ስትመለሱ ያንኑ ሁሉ ትወጡታላችሁ።

እኔ ቁልቁለቱን ደስ ብሎኝ በሩጫ ወረድኩት። ማታ አምቢቆ ላይ ጉልበቴ አልታጠፍ አለ። ስካውታችን ጋቢውን እያጣፋ፣ "ቁልቁለት ወዳጅ መስሎ ነው ጉልበት የሚበላ። ነገ ቀስ በይ፣ እህቴ" አለኝ። በዚያው መንገድ እናቶች የገበያ ሸክም አዝለው አልፈውኝ ነበር። መንገዱ የእነሱ ነው። ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ ፈረንሳዮች በ1841 እ.ኤ.አ. ራስ ደጀንን እንደወጡ ተጽፏል፤ የአገሩ ሰው ግን ከዚያ በፊትም በጎቹን እየነዳ ይመላለስበት ነበር። አረማመዳቸውን እዩ፦ አጭር እርምጃ፣ ዱላ በእጅ፣ ወሬ ሳይቋረጥ። ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል።

አምስተኛው ቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሱ። የግንባር ባትሪ፣ ጓንት፣ ኮፍያ። "በጥቅምት አንድ አጥንት" የሚባለው እዚህ በደንብ ይገባችኋል፤ ታኅሣሥና ጥር ደግሞ ሌሊቱ ውኃ ያረጋል። ከክረምቱ በኋላ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለውን ጊዜ እመርጣለሁ። በሶና ቆሎ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን፤ ከፍታ ላይ ምግብ ስለሚያስጠላ ትንሽ ትንሹን ቅመሱ። የምንጭ ውኃ ሳታፈሉ አትጠጡ።

ጎህ ሲቀድ ጅባራዎቹ መሀል ትደርሳላችሁ። የመጨረሻዋ አለት በእጅም በእግርም ነው የምትወጣው፤ አጭር ናት። ትምህርት ቤት 4,620 ሜትር ብለን ተምረናል፤ አሁን የሚጠቀሰው 4,550 ገደማ ነው። እኔ እዚያ ቆሜ አለቀስኩ።

አንድ ነገር አደራ። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ወይ ጓደኛችሁ መንገዳገድና ንግግሩ መምታታት ከጀመረ፣ ጫፉ አሥር ደቂቃ ቢቀረውም ወዲያው ይዛችሁት ውረዱ። መድኃኒቱ መውረድ ነው።

ከጫፉ ወርዳችሁ አምቢቆ እደሩ፤ በስድስተኛው ቀን ፀሐይ ሳይበረታ መሸሃን ተሻገሩ። መኪናውን ጨነቅ ላይ አስቀድማችሁ ቅጠሩት፣ ቧሂትን ዳግም ከወጣችሁ በኋላ ወደ ሳንቃበር የሚሄድ እግር አይኖራችሁም።