ድንኳኑ ሳይዘንብ ለምን ራሰ? የሃይዌይ 1 የካምፒንግ ችግርና መፍትሄ

ካሊፎርኒያ ሲባል የሚታየን ፀሐይ፣ አሸዋና ቁምጣ ነው። እኛም የመጀመሪያውን ዓመት እንደዚያ ብለን ነው ከሎስ አንጀለስ የወጣነው። ወሩ ሐምሌ፣ መንገዳችን የባሕሩን ዳርቻ ይዞ የሚሄደው ሃይዌይ 1፣ መድረሻችን ተራራማው ቢግ ሰር። ለልጆቹ ቁምጣ በቁምጣ ጭነናል፤ ሹራብ ግን ያሰበ ሰው የለም። ሞሮ ቤይ ስንደርስ ከተማዋ በጉም ተውጣለች። ከባሕሩ ጥግ ቀጥ ብሎ የቆመው የሞሮ ድንጋይ ከ170 ሜትር በላይ ነው። እኛ ግን ስሩ ቆመን አላየነውም። ትንሹ ልጄ "አባ፣ ተራራው የታለ?" አለኝ። ጥርሱ እየተንገጫገጨ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተመላልሰናል። የገጠመን ጣጣ አብዛኛው ሲጠና ምክንያቱ አንድ ነው፦ ባሕሩ ቀዝቃዛ ነው። በሰመር ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ የላይኛውን ውሃ ከዳርቻው ያርቀዋል። በቦታው ከታች የበረደ ውሃ ይወጣል። ቢግ ሰር አካባቢ በሐምሌም ውሃው 13 እና 14 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን ነው። በላዩ የሚያልፈው እርጥብ አየር ይበርድና ጉም ይሆናል። የአገሩ ሰው "ጁን ግሉም"፣ የሰኔ ጭጋግ እንደማለት፣ ይለዋል፤ ሐምሌና ነሐሴም አይምሩም። ሰማዩ ጥርት ብሎ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በመስከረምና በጥቅምት ነው። ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ ማለት ነው፤ ምን ይደረግ።

ጠዋት ድንኳኑ ከውስጥ ረጥቧል፤ ዝናብ ግን አልዘነበም

እኔ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ድንኳኑን ነው። ተቀዷል ብዬ ግማሽ ቀን ቀዳዳ ስፈልግ ዋልኩ። አንድም ቀዳዳ የለም። ውሃው የራሳችን ትንፋሽ ነበር።

አራት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍስ የሚወጣው እርጥበት ቀላል አይደለም። የድንኳኑ ጨርቅ ደግሞ ከውጭው አየር ጋር አብሮ ይበርዳል። ትንፋሹ ጨርቁን ሲነካ ጠብታ ይሆናል። ሽሮ ድስት ተከድኖ ሲንተከተክ ክዳኑን ገልብጣችሁ እዩት፤ ያው ነው። እኛ ደግሞ "ይበርዳል" ብለን ዚፑን ሁሉ ጥርቅም አድርገን ነበር የተኛነው። ክዳኑን ራሳችን ገጠምነው።

መፍትሄው መክፈት ነው። የማይመስል ነገር ነው፤ ግን ይሰራል። የላይኛውን የአየር መውጫ ክፈቱ። በሩንም ከላይ በኩል አንድ ስንዝር ያህል ተዉት፤ መረቡ ትንኝ አያስገባም። የውጭው ሽፋን የውስጡን ጨርቅ እንዳይነካ ካስማውን ወጠር አድርጋችሁ ምቱት። እርጥብ ፎጣና የባሕር ልብስ ውስጥ አይደር፤ መኪና ውስጥ ይደር። ድንኳኑንም ጉድጓዳማ ቦታና ወንዝ ዳር አትትከሉት። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ዝቅ ወዳለው ይወርዳል።

ሬድዉድ ዛፎች ስር ካደራችሁ ግን ሌላ ጉዳይ አለ። ዛፎቹ ጉሙን በቅጠላቸው ይይዙትና ሌሊት ጠብ ጠብ ያደርጉታል። ድምፁ ዝናብ ነው የሚመስለው። እዚያ የውጭውን ሽፋን ማንሳት አይሞከርም።

ልጆቹ ሌሊት በብርድ ይነቃሉ

ሰው ሁሉ ብርድ ልብስ ከላይ ይደርባል። ብርዱ ግን የሚመጣው ከታች ነው። በአየር የሚሞላው ፍራሽ ለወገብ ጥሩ ነው፤ ውስጡ ያለው አየር ግን እንደ ልቡ ይዘዋወርና ሙቀታችሁን ወደ መሬት ይሸኘዋል። ከፍራሹ በላይ፣ ከሰውነታችሁ በታች ወፍራም ብርድ ልብስ አንጥፉ። በስፖንጅ መልክ የተሰራው ርካሹ ምንጣፍ ከትልቁ የአየር ፍራሽ የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት ብዙ ጊዜ ነው።

ስለ ጋቢ ልናገር። አማቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን ወጥታ ነበር። መጀመሪያ "ይሄን ሁሉ አገር አቋርጬ መጥቼ ሜዳ ላይ ልታስተኙኝ ነው?" አለች። ቀጥሎ ጋቢዋን ተከናንባ እሳት ዳር ቁጭ አለች፤ እስከ ሦስት ሰዓት ተጫወተች። ችግሩ ጋቢ ጥጥ ነው። ጉሙን ይጠጣዋል። ስትተኛ ያንኑ ለብሳ ተኛች፤ ሌሊቱን ስትንቀጠቀጥ አደረች። ጥጥ ከረጠበ ሙቀት አይዝም። በማግስቱ ጋቢውን ቀን በፌስታል ጠቅልለን ማታ ለመኝታ ብቻ አወጣነው። እሳት ዳር ሱፍ ወይም ፍሊስ ለበሰች። "እንዲህ ነው እንጂ" ብላ ነው ያደረችው። ልጆቹንም ቀን የዋሉበትን ልብስ ካልሲያቸውን ጨምሮ አስወልቁ። ደረቅ ቢመስልም ላብ አለው።

"ትንሽ ፍም ብናስገባስ?"

አታስገቡ። ይሄን በወፍራም ነው የምጽፈው። ብርድ ሲጠና ይሄን የሚል ሰው ከመሃላችን አይጠፋም፤ ከሰል ቤት ውስጥ እያነደድን ነው ያደግነው። ግን ያ ቤት በሩ ክፍት ነበር፣ ጣሪያውም ያስተነፍስ ነበር። ድንኳን በጤዛ ሲርስ ጨርቁ ይበልጥ ይደፈናል።

ፍሙ ጭሱ አልቆ አመድ ቢለብስም ካርቦን ሞኖክሳይድ ማውጣቱን አያቆምም። ሽታ የለውም፤ ቀለም የለውም። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ነው። ብዙ ሰው "መንገዱ ነው ያደከመኝ" ይላል። ሁለት ሰው አንድ ላይ ራሱን ካመመው ሁሉንም ወዲያው ወደ ውጭ አውጡና 911 ደውሉ። የጋዝ ምድጃና የማገዶ መጥበሻም ከዚህ ደንብ አያመልጡም። ቡናው ደጅ ይፈላል፣ ጀበናውም ፍሙም እዚያው ያድራሉ።

ማገዶ ከቤት አትጫኑ፤ ከተጫነ እንጨት ጋር ዛፍ የሚገድሉ ነፍሳት አብረው ይሄዳሉ። ካምፑ አጠገብ ግዙ። የእሳት ክልከላ መኖር አለመኖሩንም በር ላይ ጠይቁ።

ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ያስመልሰዋል

ዓይኑ ታብሌት ላይ ነው፤ ጆሮው ውስጥ ያለው የሚዛን አካል ግን መንገዱ ሲጠማዘዝ ያውቃል። ሁለቱ አልተስማሙም። ታብሌቱን ተቀበሉት፣ ሩቅ እንዲያይ አድርጉ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ጨጨብሳ አታብሉት። ከካርመል እስከ ሳን ሲሚዮን ወደ 145 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ብዙው ጠመዝማዛ ነው። ሌላው ምክንያት አሽከርካሪው ነው። እኔ ኩርባ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነበር ፍሬን የምይዘው። አሁን ከመግባቴ በፊት አቀዘቅዛለሁ። ቁልቁለት ላይም ማርሽ ዝቅ አደርጋለሁ፤ ያ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ የፍሬን ነው።

ከኋላችሁ መኪና ከተሰለፈ አትጨነቁ፣ ዳር ያዙ። በካሊፎርኒያ ሕግ መቅደም በማይቻልበት ባለ ሁለት መስመር መንገድ ላይ በዝግታ እየሄዳችሁ አምስትና ከዚያ በላይ መኪና ከተከተላችሁ፣ ማሳለፊያ ቦታ ስታገኙ የማሳለፍ ግዴታ አለባችሁ። ከሰሜን ወደ ደቡብ ብትነዱ ደግሞ በባሕሩ በኩል ናችሁ፤ ቢክስቢ ድልድይ ጋ ለመቆም ይቀላል። ገደል የምትፈሩ ከደቡብ ወደ ሰሜን ሂዱ።

መንገዱ ተዘግቷል፣ ስልኩም ሞቷል

እዚህ ተራራው በቀጥታ ባሕር ውስጥ ነው የሚገባው። ዝናብ ሲበዛ አፈሩ መንገዱን ይዞት ይወርዳል። በፈረንጆቹ 2017 ሙድ ክሪክ ላይ የወረደው ናዳ መንገዱን ከአንድ ዓመት በላይ ዘግቶት፣ የተከፈተው በሐምሌ 2018 ነበር። በ2021 ደግሞ ራት ክሪክ ላይ መንገዱ ራሱ ተቆርጦ ሄደ። ስለዚህ በተነሳችሁበት ጠዋት የስቴቱ የመንገድ መሥሪያ ቤት ካልትራንስ የሚያወጣውን የመንገድ ሁኔታ ካርታ፣ ኩዊክማፕን፣ ኢንተርኔት ላይ እዩ። ያለፈው ሳምንት መረጃ አይሰራም። ካርታውንም ቤት ሳላችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱት፤ ቢግ ሰር ብዙ ቦታ ኔትወርክ የለም። ቤንዚን ካምብሪያ ወይም ካርመል ሙሉ። መሃል ላይ ይገኛል፤ ዋጋው ግን ያስደነግጣል።

ቦታ የለም፤ ቦታ ሲገኝ ደግሞ ሰው በዝቷል

የስቴት ፓርኮች ቦታ ለምዝገባ የሚከፈተው ከስድስት ወር በፊት፣ በእነሱ ከጠዋቱ 8 ሰዓት፣ በእኛ 2 ሰዓት ላይ ነው። ፋይፈር ቢግ ሰርን የመሰለው በደቂቃዎች ያልቃል። ካመለጣችሁ የሰረዘ ሰው ቦታ ጠብቁ፤ እኛ ሁለት ጊዜ ያገኘነው እንደዚያ ነው። ከርክ ክሪክ የሚባለው ካምፕ ግን በፌደራል መንግሥት ስር ስለሆነ ምዝገባው ሌላ ነው።

የሁለተኛው ችግር ምክንያት እኛው ነን። "የአክስቴ ልጅም ይምጣ፣ ጓደኛውም ይጨመር" እያልን አስራ ሁለት ሰው ሆንን። አንድ ቦታ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚፈቀደው ስምንት ሰው ነው። ጠባቂው በጨዋነት ቆጠረን። ማታ ከአራት ሰዓት በኋላም ጸጥታ ግዴታ ነው፤ የእኛ ጨዋታ ደግሞ ያኔ ነው የሚደምቀው። ሁለት ጎን ለጎን ቦታ ቀድማችሁ ያዙ፤ ዘመድ ማስቀየም አያስፈልግም።

ምግቡ በሌሊት ጠፋ

ራኩን የሚባለው የሌሊት አውሬ ነው። እጁ እንደ ሰው እጅ ነው፤ ኩለር መክፈት ለእሱ ምንም አይደለም። ድፎ ዳቦአችንን ግማሹን በልቶ ግማሹን እየጎተተ በእጅ ባትሪ ብርሃን ያዝነው። ቀና ብሎ አየን፣ ከዚያ መጎተቱን ቀጠለ። ካምፑ ውስጥ የብረት ሳጥን ካለ ምግብ ብቻ ሳይሆን የጥርስ ሳሙናም እዚያ ይግባ።

እንጀራ ኩለር ውስጥ በረዶው ሲቀልጥ ይበሰብሳል። በፌስታል አስራችሁ ከላይ አድርጉት። ሽሮ ከሁሉ ይመቻል። ነሐሴ ላይ ስትወጡ ፍልሰታ ስለሚገባ ደግሞ ምርጫም የለም። ፓስታ እንደ አዲስ አበባው ብዙ አታቆዩት። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ እዚህ በባሕሩ ጠረፍ ግን 100 ነው። አማቴ የመጀመሪያውን ገንፎ አድርጋዋለች።

ማዕበሉ ልጁን ጣለው

ለእኛ ተርፎልናል። ጉልበቱ ላይ መታው፣ ወደቀ፣ ያዝኩት። ረጅም ጸጥታ ከቆየ በኋላ ከሌሎቹ ሁሉ ርቆ የሚወጣ ማዕበል ይመጣል። ጀርባ ለባሕሩ አይሰጥም፤ ፎቶ ስታነሱም ቢሆን። እርጥብ ድንጋይ ላይ አትቁሙ፤ የረጠበው ውሃ ደርሶበት ነው። ወደ ውስጥ የሚጎትት ውሃ ከያዛችሁ ፊት ለፊት አትታገሉት፣ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኙ። መዋኘት ለሚፈልጉ ልጆች ከሳንታ ባርባራ ወደ ደቡብ ያለው ይሻላል። ቢግ ሰር ለዓይን ነው።

ቀይ የሚያሳክክ ሽፍታ

ፖይዝን ኦክ የሚባል ተክል ነው። ሦስት ሦስት ቅጠል አለው፤ መንገድ ዳር ሞልቷል። ዘይቱ ነው የሚያሳክከው። ቶሎ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡ፣ ልብሱንም እጠቡ።

ድንኳኑ ቤት ሲከፈት ይሸታል

ከካምፑ መውጫው እኩለ ቀን፣ በእኛ 6 ሰዓት ነው። ጉሙ የሚገፈፈውም በዚያው ሰዓት ነው፤ ስንወጣ ሰማዩ ይከፈታል። ድንኳኑ ግን እርጥብ ታጥፎ መኪና ውስጥ ገብቷል። ሁለት ቀን ከቆየ ይሻግታል። የደረሳችሁ ዕለት፣ ቢደክማችሁም፣ ስቀሉት። እኛ ሳሎን ውስጥ ከበር እስከ መስኮት ገመድ እንወጥርለታለን። ልጆቹ ስሩ ገብተው ይተኛሉ፤ አማቴም ዘንድሮ በስልክ "አሁንም ሜዳ ላይ ናችሁ?" አለች።