ጂፒኤሱ ሲሰካ ማውሱ ለምን ያብዳል?

እምቦጭ የወረረውን የጣና ዳርቻ ልንለካ ከባሕር ዳር በጀልባ ወጥተናል። ላፕቶፑ ጭኔ ላይ ነው። ጂፒኤሱን ዩኤስቢው ላይ ስሰካው የማውሱ ቀስት መዝለል ጀመረ። ያልነካሁትን ፋይል ይከፍታል፣ ይዘጋል። ጀልባ ነጂው ዘወር ብሎ አየና «አንተ ልጅ፣ ቡዳ በላው እንዴ?» አለኝ።

ቫይረስ ነው ብላችሁ ፎርማት እንዳታደርጉት። ጂፒኤሱ ሲነቀል ካቆመ፣ ሲሰካ ካገረሸበት፣ ነገሩ የማንነት ስህተት ነው።

የዩኤስቢ ዕቃ ሲሰካ ሁለት ቁጥር ይናገራል፦ የአምራቹንና የምርቱን። ዊንዶውስ ቁጥሮቹን ከድራይቨር ፋይሎቹ (ዕቃውን ከሚያሠሩት ፕሮግራሞች) ጋር ያመሳክራል። 0403 እና 6001 ካገኘ፣ ለምሳሌ፣ የኤፍቲዲአይ ቺፕ ነው። ግን ይህ ጂፒኤሱን ከዩኤስቢ የሚያገናኘው የአዳፕተሩ መታወቂያ እንጂ የጂፒኤሱ አይደለም። ከአዳፕተሩ ወዲያ ያለው ዳታን አንድ በአንድ የሚያስተላልፈው የድሮው ሲሪያል መስመር ነው፤ እዚያ መታወቂያ ማሳየት ግዴታ አይደለም። ስለዚህ ዊንዶውስ መስመሩን ነካ ነካ ያደርግና በ1200 ቦድ (የመስመሩ ፍጥነት መለኪያ ነው) ጆሮውን ይጥላል። ማውስ በሲሪያል መስመር ይሰካ ከነበረበት ዘመን የተረፈ ልማድ ነው።

ጂፒኤስ ደግሞ ሳይጠሩት አቤት ባይ ነው። ማንም ሳይጠይቀው በየሰከንዱ ያለበትን ቦታ ያወራል፣ ብዙ ጊዜ በ4800 ቦድ። በተሳሳተ ፍጥነት ሲሰማ ወሬው ይዘበራረቃል። ዊንዶውስም ከዝብርቅርቁ መሃል ማውስ ራሱን የሚያስተዋውቅበትን ፊደል የሰማ ይመስለዋል። ከዚያ በኋላ የምንገኝበት ቦታ ሁሉ የማውስ እንቅስቃሴ ሆኖ ይነበባል።

ቀስቱ እምቢ ካለ በኪቦርድ ሥሩ። የዊንዶውስ ቁልፍንና ኤክስን አብራችሁ ተጫኑ፣ ቀጥሎ ኤምን፤ የዕቃዎቹ ዝርዝር ያለበት ዲቫይስ ማናጀር ይከፈታል። በቀስት ቁልፎቹ ወደ ማውሶቹ ዝርዝር ውረዱ። «ማይክሮሶፍት ሲሪያል ቦልፖይንት» የሚል እንግዳ ታገኛላችሁ። ሺፍትና ኤፍ10 ተጫኑና «ዲሴብል ዲቫይስ» በሉት። «አንኢንስቶል» ግን አትበሉት፤ ከሰረዛችሁት በሚቀጥለው ጊዜ እንደ አዲስ አግኝቶ ይጭነዋል። እኔ ሁለቴ ተሸውጃለሁ።

ማውሱ ሳያብድ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት ብቻ ከታየ ጣጣው ቀላል ነው። ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብታችሁ ሁለቱን ቁጥሮች አንብቡ፣ ከቺፑ አምራች ድራይቨሩን አውርዱ። ጭራሽ ምንም ካልመጣ ገመዱን ቀይሩ፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ፣ የዳታ ሽቦ የሌለው ገመድ ገበያው ላይ ሞልቷል።

ዊንዶውስ ለሲሪያል መስመሩ የሚሰጠው ስም ትናንት ኮም 3 ሆኖ ዛሬ ኮም 7 ከሆነስ? አንዳንድ ርካሽ ቺፖች የራሳቸው መለያ ቁጥር የላቸውም። ሌላ ቀዳዳ ላይ ሲሰኩ ዊንዶውስ አዲስ ዕቃ መጣ ይላል። እኔ ቀዳዳው አጠገብ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ «ጂፒኤስ» ብዬ ጽፌበታለሁ።