ዜነር ስንት ይበላል? ሬዚስተር ከመምረጣችሁ በፊት

ሐዋሳ ውስጥ ለባጃጅ ከ12 ቮልት ባትሪ 5 ቮልት የምታወጣ ትንሽ ሰርኪዩት እሠራለሁ። አንድ ዜነር (ቮልቴጁን በአንድ ልክ የሚይዝ ዳዮድ) እና ከባትሪው ወደ ዜነሩ የሚሄደውን ከረንት የሚገድብ አንድ ሬዚስተር ይበቃታል። ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ዜነሩ 5 ቮልቱን ከሚጠቀመው ዕቃ ጋር በትይዩ ስለሚገባ፣ ከባትሪው የሚሳበው ከረንት ዕቃው ቢሠራም ባይሠራም ያው ነው። ዕቃው ያልወሰደውን ዜነሩ ይወስደዋል። ስለዚህ ከማስነሻው ቁልፍ በኋላ ግጠሙት። አለዚያ ባጃጁ ቆሞ ሲያድር ባትሪው ይደክማል።

ስሌቱን ከዝቅተኛው ቮልቴጅ ጀምሩ። ባትሪው 11.5፣ ዜነሩ 5.1 ቮልት፣ ዕቃው የሚፈልገው 20 ሚሊአምፔር ነው እንበል። ዜነሩ ቮልቴጁን አጥብቆ እንዲይዝ 5 ሚሊአምፔር ጨምሩለት። ከ11.5 ላይ 5.1 ሲቀነስ የሚቀረው 6.4 ቮልት ለ0.025 አምፔር (25 ሚሊአምፔር) ሲካፈል 256 ኦም ይመጣል። ከሱ ዝቅ ያለውን 240 ያዙ።

ሞተሩ ተነስቶ ቮልቴጁ 14.4 ሲደርስስ? ከረንቱ ወደ 39 ሚሊአምፔር ይወጣል። ዕቃው ከተነቀለ ሁሉም በዜነሩ ያልፋል፤ 0.2 ዋት ገደማ። የግማሽ ዋት ዜነር ይችለዋል። ሬዚስተሩ ግን 0.36 ዋት ስለሚያቃጥል ሩብ ዋት በፍጹም እንዳታስገቡ። እኔ 1 ዋት ነው የምገጥመው።

ለማረጋገጥ የዜነሩን አንድ እግር ፍቱና ቴስተሩን ሚሊአምፔር ላይ አድርጋችሁ መሃል አስገቡት። ዕቃው እየሠራ ከ5 በታች ካሳየ የሬዚስተሩን ኦም ቀንሱ።

ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ይሄ አይሆንም። 1 አምፔር ለመስጠት ሬዚስተሩ ብቻውን ከ6 ዋት በላይ ያቃጥላል። ለሱ ባክ ኮንቨርተር (ትርፉን ቮልቴጅ በሙቀት ሳያቃጥል ዝቅ የሚያደርግ ሰርኪዩት) ግዙ።