የድሮ ሳንቲም ስንት ያወጣል? ከጃንሆይ ሽልንግ እስከ ደርግ ስሙኒ

"የጃንሆይ ሳንቲም ያላችሁ በሚሊዮን እንገዛለን" የሚል ነገር ቴሌግራም ላይ ስታዩ ቶሎ አትመኑ። ዘመድ ጓደኛው ሁሉ ፎቶ እየላከ "ይሄስ?" ስለሚለኝ እኔ እንዴት እንደምገምት አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው፣ ቤታችሁ ያለውን አውጡና አብረን እንይ።

መጀመሪያ ዘመኑን ለዩ። የምኒልክ ሳንቲሞች በብርና በግርሽ የሚቆጠሩ ናቸው፣ ሌላ ዓለም ነው እሱ፣ እዚህ አላነሳውም። አንድ ብር መቶ ሳንቲም በሚለው አቆጣጠር ባለ 1፣ 5፣ 10፣ 25 እና 50 ሳንቲሞቹ የጃንሆይ ምስል ያለባቸው ናቸው፣ ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ፲፱፻፴፮ ይላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የተመቱትም ይሄንኑ 1936 እንደያዙ ነው የወጡት፣ ስለዚህ "1936 ነው የሚለው" ማለት ብርቅዬ ነው ማለት አይደለም፣ አንዳንዱ በአስር ሚሊዮኖች ነው የተመታው።

ቀጥሎ የተሠራበትን እዩ። ከእነዚህ ውስጥ ብር የሆነው ሽልንጉ፣ ማለትም ባለ 50ው፣ ብቻ ነው (ብር ስል ማዕድኑን ነው)፣ ከ1 እስከ 25 ያሉት መዳብ ናቸው። ሽልንጉ ወደ 7 ግራም ይመዝናል፣ መጀመሪያ የተመታው 80 በመቶ ብር ሲሆን በኋላ የመጣው 70 በመቶ ነው፣ ሁለቱ በክብደትም በመልክም ስለማይለዩ እኔ ሁሌ በዝቅተኛው ነው የማሰላው፣ ማለትም 4.9 ግራም ንጹህ ብር። የዓለም ገበያ የአንድ አውንስ ብር ዋጋ ለ31.1 (አንዱ አውንስ ያን ያህል ግራም ነው) ታካፍሉና በ4.9 ታባዛላችሁ፤ አውንሱ 30 ዶላር ቢሆን ወደ 4.7 ዶላር ይመጣል ማለት ነው። ይሄ የመጨረሻው ወለል ነው፣ ከዚህ በታች አትሽጡ። ወርቅ ቤት ሄዳችሁ አስመዝኑት፣ ማግኔትም አስጠጉበት፣ ከያዘው ብር አይደለም።

ስሙኒው፣ ማለትም ባለ 25ቱ፣ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው፣ እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው። መጀመሪያ ክብ ሆኖ ወጣና በመጠን ከሽልንጉ ጋር ስለሚቀራረብ ሰው እየተምታታበት በኋላ ጠርዙ እንደ አበባ ሞገድ እንዲሆን ተደረገ። ስለዚህ ክቡና ሞገዱ ለሰብሳቢ ሁለት የተለያዩ ሳንቲሞች ናቸው፣ ዋጋ ስትጠይቁ የትኛው እንደሆነ ካልነገራችሁ መልሱ ዋጋ የለውም።

የደርጎቹ አንበሳ ያለባቸውና ፲፱፻፷፱ የሚሉት ገና በየቤቱ ሞልተዋል፣ ካረጀው ብዙም ዋጋ አትጠብቁ፤ ለሰብሳቢ ተብሎ እንደ መስታወት ተወልውሎ የተመታው ግን ሌላ ነው።

ዋናው ዋጋ የሚወስነው ሁኔታው ነው። የጃንሆይ ፀጉርና ጺም ላይ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች፣ የአንበሳው ጋማ፣ ዘውዱ ላይ ያለው መስቀል በግልጽ ይታያሉ ወይ? ጠፍተው ከሆነ ሽልንጉ ከብሩ ዋጋ ብዙ አይወጣም። ሰው እጅ ሳይገባ የቀረ፣ የመጀመሪያው ብርሃኑ ያለበት ከሆነ ግን የተበላውን ብዙ እጥፍ ሊያወጣ ይችላል። እባካችሁ አትፈትጉት!! እኔ የአያቴን ሽልንግ በሎሚና በአመድ አሽቼ አብረቀረቀልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሰብሳቢ ሳሳየው ጭረቱን በአጉሊ መነጽር አሳይቶኝ በብሩ ዋጋ ብቻ ገመተው፣ እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ለአንገት ጌጥ ቀለበት የተበየደበት ወይ የተበሳ ከሆነም እንደዛው በብርነቱ ብቻ ነው የሚሰላው።

ዋጋ ስትፈልጉ ኢቤይ ላይ ሻጭ የጠየቀውን አትመልከቱ፣ የተሸጡትን ብቻ የሚያሳየውን ማጣሪያ ተጫኑና አምስት ስድስት ያህሉን አይታችሁ ሁኔታው ከእናንተው ጋር የሚመሳሰለውን መሃለኛ ዋጋ ያዙ፣ ነጋዴ ደግሞ አትርፎ ስለሚሸጥ ከዛ ዝቅ አድርጎ ነው የሚሰጣችሁ። "ለምዝገባ መጀመሪያ ይሄን ያህል ላኩ" ያላችሁ ሰው ግን ሌባ ነው፣ ወዲያው ብሎክ አድርጉት። ለምታምኑት ሰብሳቢ ፎቶ ስትልኩ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ በቀን ብርሃን ያለ ፍላሽ ሁለቱንም ገጽ አንሱ፣ ጠርዙንም ጭምር፣ ክብደቱን በግራም ከስሩ ጻፉበት።